ክራር በሴት እጅ

ከስታዲየም በለገሃር በኩል ወደ ብሔራዊ ቴአትር የሚራመድ ሰው ሩብ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም። ፊቱን አዙሮ በመስቀል አደባባይና በግዮን ሆቴል አጠገብ ሽቅብ ከወጣ ደግሞ ካዛንቺስ ይደርሳል። የአዲስ አበባ ሴቶች በሙዚቃ ያለፉበት ታሪክ ብዙው ክፍል በእነዚህ ሁለት አቅጣጫዎች ይገኛል።

የካዛንቺስ ስም ጣሊያንኛ ነው። በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው ተቋም አጭር መጠሪያ «ኢንቺስ» ነበር፤ «ካዛ ኢንቺስ» በሰው አፍ ተሰልቆ ካዛንቺስ ሆነ። በ1983 ዓ.ም ደርግ ከወደቀና ሰዓት እላፊው ካበቃ በኋላ በሰፈሩ አዝማሪ ቤቶች ፈሉ። ወጉ ከጎንደርና ከጎጃም የመጣ ነው። ወንዱ ማሲንቆውን ይገዘግዛል፤ ሴቷ ታዜማለች፣ እስክስታ ትወርዳለች። እንግዳው «ተቀበል!» እያለ ስንኝ ይወረውራል፣ በስንኝ የተወጋው ሰው እየሳቀ ብር ግንባር ላይ ይለጥፋል። ሰም ለበስ ነገርን በቅጽበት አቃንቶ መመለስ ቀላል ሙያ አይደለም፤ ብዙ ሴቶች ተክነውበታል። ማሲንቆው ግን የወንድ ነበር።

ተዋናይና ድምፃዊት አስናቀች ወርቁ የያዘችው ክራር ነው።

በገና ለመዝሙርና ለጸሎት ሲከበር፣ ክራር ግን የመሸታ ቤት ዕቃ ተደርጎ ይታይ ነበር። ሴት ክራር ይዛ ከታየች ደግሞ ሐሜቱ ሌላ ነው። አስናቀች ያንን ሐሜት ተሸክማ ክራሯን ቴአትር ቤት አስገባችው። በ1940ዎቹ አጋማሽ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ስትወጣ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። ጣሊያኖች «ሲኒማ ማርኮኒ» ብለው የጀመሩት ሕንፃ ለንጉሡ የብር ኢዮቤልዩ በ1948 ዓ.ም «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ተመረቀ፤ የዛሬው ብሔራዊ ነው። አስናቀች ተዋናይም ድምፃዊትም ሆና ዓመታት ያገለገለችው በዚሁ ቤት ነው።

የፒያኖ ተጫዋቿ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ መንገድ ከዚህ የራቀ ነው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ስለነበሩ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ በ21 ዓመታቸው ግሸን ማርያም መነኮሱ። አስናቀች ግን የባላባት ስምም የውጭ ትምህርትም አልነበራትም። ስለዚህ ድፍረቷ ይበልጥ የሚደንቅ ይመስላል።

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» ከተሰኘው ተከታታይ 16ኛውን ሲዲ ለእሷ ብቻ ሰጥቶ «ባለክራሯ እመቤት» የሚል ርዕስ አወጣለት። አስናቀች በመስከረም 2004 ዓ.ም አረፈች።

ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም በልማት ምክንያት ሲፈርስ፣ ዳንሰኛው መላኩ በላይ ያስተዳድረው የነበረው ፈንድቃ አዝማሪ ቤትም ከሰፈሩ ጋር ሄደ። ብሔራዊ ቴአትር ግን ዛሬም አለ። በስታዲየም በኩል የሚያልፍ ሰው ጊዜ ካለው ከቴአትሩ ፊት ወዳለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ጎራ ይበል፤ አስናቀች የቆመችበት መድረክ ከሐውልቱ ጀርባ ነው።