ፎገራ ለምለም ሳለ ስለ ምን ወደ ኋላ ቀረ?

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ተዘርግቶ ይገኛል። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ በኩል አፈር እየጠረጉ ስላለበሱት መሬቱ ጥቁርና ወፍራም ነው። በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብትም ስሙን ያገኘው ከዚሁ አገር ነው። እንግዲህ አፈር፣ ውሃና ከብት የተሟላለት ሕዝብ ስለ ምን ሳይበለጽግ ቆየ? አንዳንድ ሰዎች «ገበሬው ስለ ሰነፈ ነው» ይላሉ። ታሪኩን ስንመረምር ግን መልሱን ሌላ ሆኖ እናገኘዋለን።

አንደኛው ምክንያት ውሃው ራሱ ነው። በክረምት ወንዞቹ እየሞሉ ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ስለዚህ ቀድሞ ብዙው መሬት ለግጦሽና ውሃው ከሸሸ በኋላ ለሚዘራው ጓያ ብቻ ይውል ነበር። ጓያም አዘውትሮ ለሚመገበው ሰው እግርን የሚያሽመደምድ በሽታ ያመጣል። በቆመው ውሃ ደግሞ የወባ ትንኝ ይራባል። በ1950 ዓ. ም. ክረምት በኢትዮጵያ በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ተገምቷል።

ሁለተኛው የመሬት ሥሪትና የገበያ ነገር ነው። ጎንደር መናገሻ በነበረችበት ጊዜ፣ ኋላም ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር በተቀመጡ ጊዜ፣ ፎገራ ለቤተ መንግሥትና ለሠራዊት ቅርብ ነበረ። ገበሬው ርስት ቢኖረውም ለባለ ጉልት ይገብራል፤ ወታደር ሲያልፍም ያበላል። ትርፉ የሚወሰድበት ሰው ማሳውን ለማሻሻል ምን ያተጋዋል? የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ የባለ መሬቱን ሥልጣን ሻረ። ይሁን እንጂ ገበሬው እህሉን በኮታና በተቈረጠ ዋጋ ለመንግሥት ድርጅት እንዲያስረክብ ተደረገ። ይህም እስከ 1982 ዓ. ም. ቆየ።

ሦስተኛው ሥራን ማዘግየት ነው። የአሜሪካ መሐንዲሶች የዓባይን ተፋሰስ መርምረው በ1956 ዓ. ም. ባቀረቡት ጥናት የርብና የጉማራ መስኖ ተጠቅሶ ነበር። የርብ ግድብ ሥራ የተጀመረው ግን ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ለዚህ ሁሉ ምስክራችን ሩዝ ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ሩዝ መዝራትን አስጀመሩ። ገበሬው ያው፣ ጭቃውም ያው ነበር፤ የተለወጠው ዘሩና ዕውቀቱ ብቻ ነው። ለዘመናት ጠላት የነበረው ውሃ ረዳት ሆነ። ሰዉም ሩዝን «ነጭ ወርቅ» ብሎ ጠራው። ዛሬ በወረታ የሩዝ መፈልፈያዎችና ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ማሠልጠኛ ማእከል ይገኛሉ። ጥፋቱ የገበሬው ስንፍና ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

ነገር ግን ሩዙ ሲስፋፋ ግጦሹ ጠብቧል፤ የፎገራም ከብት ቁጥሩ ቀንሷል። ሀገራችንም ገና ሩዝ ከውጭ ትገዛለች። ስለዚህ፣ ተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የአገር ሀብት በአፈር ውስጥ ስላለ ብቻ ሀብት እንደማይባል እንወቅ። ውሃውን የሚመራ መሐንዲስ፣ ከብቱን የሚጠብቅ ሐኪም፣ ዋጋውን የሚያውቅ ነጋዴ ያስፈልገዋል። እነዚህም ሊገኙ የሚችሉት ዛሬ በየክፍላችን ከተቀመጥነው መካከል ነው።