የአቃቂ ሞገድና የባሕር ዛፍ ጫፍ

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ በቀድሞው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ዳር የተዘረጋው የአቃቂ ሜዳ በኢትዮጵያ የሬዲዮ ታሪክ ከፍ ያለ ስፍራ አለው። ሀገሪቱን ከውጭው ዓለም ጋር ያገናኘው የአጭር ሞገድ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. የተመረቀው በዚሁ ነው። የሠራው የኢጣሊያ ኩባንያ አንሳልዶ ነበር። ነገሩ ሲታሰብ ያስገርማል፤ ጣቢያው ዓመት ሳይሞላው፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ሲገባ፣ የኢትዮጵያ አቤቱታ ለዓለም ከተሰማባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው የኢጣሊያኖች የእጅ ሥራ ሆነ።

ሽቦ ቢሆን ኖሮ ጠላት በቆረጠው ነበር። የአጭር ሞገድ ግን ከምድር ተነሥቶ በመቶ ኪሎ ሜትሮች ከፍታ ካለው ከአዮኖስፌር ተንጸባርቆ ሩቅ ሀገር ይወርዳልና፣ በላኪና በተቀባይ መካከል ያለው ተራራ አያግደውም። የሚፈልገው በአንቴናው ዙሪያ ገላጣ አድማስ ነው። ከአቃቂ ወደ ሰሜን ሲታይ የእንጦጦ ሰንሰለት አንድ ሺህ ሜትር ያህል ከፍ ቢልም፣ ርቀቱ ከ20 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ ከአድማስ በላይ የሚይዘው ከ3 ዲግሪ አይበልጥም። ሜዳው ለሥራው የተመቸ ነበር።

የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ በነበሩት አሠርት ዓመታት ማይክሮዌቭ ሲመጣ ግን ሒሳቡ ተገለበጠ። ይህ ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ፣ ዝቅተኛው ሜዳ ጉዳት፣ ከፍታው ጥቅም ሆነ። ሁለቱ አንቴናዎች መተያየታቸው ብቻም አይበቃም። ሞገዱ በመካከል እየሰፋ የሚይዘው፣ የፈረንሳዊው የፍሬስኔል ስም የተሰጠው ቀጠና አለ። በ6 ጊጋኸርትዝ ለሚሠራ የ20 ኪሎ ሜትር መስመር፣ የዚህ ቀጠና ራዲየስ በመካከሉ 16 ሜትር ገደማ ነው። ከዚህም ቢያንስ 60 በመቶው፣ ማለትም 9.5 ሜትር ያህሉ፣ ከእንቅፋት ነጻ መሆን አለበት። የመሬት ክብነት ደግሞ 6 ሜትር ያህል ይጨምራል። በካርታ ላይ ማስመሪያ አስደግፎ መስመር የሚያሰምር መሐንዲስ ብዙውን ጊዜ የሚረሳው ይህንን ነው።

ካርታው የማያሳየው ሌላም አለ፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ። ዛሬ በአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካውና ኮንዶሚኒየሙ መስመር ሲዘጋ ቁመቱ በአንድ ጊዜ ይለካል፤ ሕንፃ ከተሠራ በኋላ አይረዝምም። ባሕር ዛፍ ግን ተቆርጦ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። በቆረጣ ማግስት የተለካ መስመር ንጹሕ ሆኖ ይታያል፤ ከጥቂት ክረምቶች በኋላ ቅጠሉ ከቀጠናው ሲገባ የሞገዱ ኃይል እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ ምሰሶው የሚቆመው ዛፉ ባለበት ቁመት ሳይሆን በሚደርስበት ቁመት ተሰልቶ ነው።