ያለ እጅ የሚሰለፉ ጥቃቅን ቁሶች፦ ካርበን ናኖ ቲዩብ በለስላሳ ቁስ ውስጥ

ወተት ነጭ ሆኖ የሚታየው በውስጡ የተበተኑት የስብ ጠብታዎችና የፕሮቲን እንክብሎች ብርሃንን ስለሚበትኑ ነው። እንክብሎቹን የሠራቸው እጅ የለም፤ ኬዚን የተባለው ፕሮቲን በላሚቱ ጡት ውስጥ በራሱ እየተሰባሰበ ይፈጥራቸዋል። ስፋታቸው በአማካይ ከ100 እስከ 200 ናኖ ሜትር ይደርሳል። አንድ ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ሳይንስ ይህን ዓይነቱን ሂደት በራስ መደራጀት ይለዋል።

ወተት፣ እርጎ፣ ቅቤ፣ ሊጥና የሳሙና አረፋ ለስላሳ ቁስ ከሚባለው ወገን ናቸው። እንደ ብረት አይጠጥሩም፣ ብዙዎቹም እንደ ውኃ ዝም ብለው አይፈስሱም፤ በትንሽ ኃይል ቅርጻቸው ይለወጣል። እ.ኤ.አ በ1991 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን የተቀበሉት ፈረንሳዊው ፒየር ዠል ደ ዤን የሽልማት ንግግራቸውን ርእስ “ለስላሳ ቁስ” ብለውታል።

በዚያው ዓመት ጃፓናዊው ተመራማሪ ሱሚዮ ኢጂማ ስለ ካርበን ናኖ ቲዩብ ጥናት አወጡ። ቁሱ ቀደም ሲልም ታይቶ የነበረ ቢሆንም የዓለምን ትኩረት የሳበው ከዚህ ጥናት በኋላ ነው። ናኖ ቲዩብ እንደ ሰሌን የተጠቀለለ የካርበን ገበታ ነው። ባለ አንድ ግድግዳው ውፍረቱ አንድ ናኖ ሜትር ያህል ሲሆን የሰው ፀጉር ግን ወደ 80 ሺህ ናኖ ሜትር ይጠጋል። ቀላል ነው፣ እጅግ ጠንካራ ነው፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል።

ችግሩ መጓጎሉ ነው። ቱቦዎቹ ጎን ለጎን ሲገናኙ በርዝመታቸው ሁሉ ስለሚሳሳቡ፣ በውኃ ውስጥ ሲጨመሩ በደንብ እንዳልተበጠበጠ ዱቄት ይቋጠራሉ። ጥንካሬያቸውም በጉብታው ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። መፍትሔው ከቤት ዕቃ ብዙም አይርቅም፤ ሳሙና መሰል ሞለኪውሎች ናቸው። የሞለኪውሉ አንድ ጫፍ ውኃን ይወዳል፣ ሌላው ይሸሻል። ውኃ ሸሹ ጫፍ ቱቦውን ሲይዝ ሌላው ወደ ውኃው ይዞራል፤ ቱቦዎቹም ይለያያሉ። እንዶድ ከልብስ ቅባት የሚያላቅቀው በተመሳሳይ ባሕርይ ነው።

ከተለያዩ በኋላ ማን ያሰልፋቸዋል? የኬሚስቱ ላርስ ኦንሳገር የ1949 ስሌት እንደሚያሳየው፣ ቀጫጭን ዘንጎች በፈሳሽ ውስጥ ሲበዙ ምንም ሳይሳሳቡ እንኳ በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። ነገሩ እንግዳ ይመስላል፤ ነገር ግን በሣጥን የተሞሉ የክብሪት እንጨቶች ተዘበራርቀው ሲተኙ መንቀሳቀሻ ያጣሉ፣ ሲሰለፉ ግን ሁሉም ቦታ ያገኛሉ። ሥርዓቱ የመጣው ከነፃነት ፍለጋ ነው።

ሌላው መንገድ ቀድሞ በተሰለፈ ፈሳሽ ውስጥ መጨመር ነው። የዕፅዋት ተመራማሪው ፍሬድሪክ ራይኒትዘር በ1888 ያስተዋለው ፈሳሽ ክሪስታል፣ ዛሬ በቴሌቪዥንና በሞባይል ስክሪን ውስጥ የሚገኘው፣ ሞለኪውሎቹ እንደ ማሳ ትልም በአንድ አቅጣጫ የተዘረጉበት ነው። ናኖ ቲዩቦቹ ትልሙን ተከትለው ይተኛሉ። ፈሳሹ በኤሌክትሪክ ኃይል አቅጣጫውን ሲለውጥ አብረውት ይዞራሉ።

ድቡልቡል ቅንጣቶች ግን የሚሰለፉበት ርዝመት የላቸውም። በማሳ መካከል እንዳለ ድንጋይ ትልሙን ያጎብጡታል። ሁለት ድንጋዮች ተራርቀው ሲቀመጡ የሚያበላሹት ቦታ ብዙ ነው፤ ሲቀራረቡ ያንሳል። ፈሳሹ ብልሽቱን ለመቀነስ ስለሚጥር ቅንጣቶቹን እየገፋ ያቀራርባቸዋል፣ አንዳንዴም እንደ ጨሌ በሰንሰለት ያሰልፋቸዋል።

ይህ እውቀት ከቤተ ሙከራ እየወጣ ነው። በአሜሪካ የራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናኖ ቲዩቦችን በብርቱ አሲድ አሟሙተው በመፍተል፣ በ2013 ጠንካራና ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ክር ማዘጋጀታቸውን አሳትመዋል።

ጥንቃቄም አብሮ ይነሣል። በ2008 የታተመ ጥናት ረጃጅምና ግትር ናኖ ቲዩቦች በአይጦች አካል ውስጥ እንደ አስቤስቶስ ያለ ቁስለት እንደሚያስከትሉ አሳይቷል። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ከዓይነቶቹ አንዱን በ2014 “በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል” በሚለው ምድብ አስቀምጦታል። አሳሳቢው በአየር የሚተነፈሰው ደረቅ ብናኝ ነው፤ በፈሳሽ ወይም በፕላስቲክ ውስጥ የታሰረው በቀላሉ አይበንም። ስለዚህ ዱቄቱ በዝግ መሣሪያ ውስጥ፣ በጭንብልና በጓንት ይያዛል።