መለዋወጫ የጫነችው ካሚዮን፦ የጦር ብረት በመተማ ቆላ

ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጋት ላይ ከመተማ ማዶ፣ በሱዳን በኩል ባለችው ገላባት ላይ የእንግሊዝ መድፍ ተንጣጣ። ኋላ በበርማ ግንባር ስሙ የገነነው ብርጋዴር ዊልያም ስሊም፣ ጣሊያኖች ሰኔ 27 ቀን 1932 የያዙትን ምሽግ ሊያስለቅቅ 10ኛውን የሕንድ ብርጌድና 12 ታንኮች ይዞ መጥቷል። ምሽጉ በማለዳው ተያዘ። ወደ መተማ ለመዝለቅ ሲታሰብ ግን ከ12ቱ ታንኮች 9ኙ ቆመው ነበር፤ ሰንሰለታቸውን ፈንጂና የቆላው ቋጥኝ በጥሶታል። ጠጋኞቹ ሊያነሷቸው ሲጣደፉ የጣሊያን አውሮፕላኖች የታንኮቹን መለዋወጫ የጫነችውን ካሚዮን አቃጠሏት። መተማ ያን ጊዜ አልተያዘችም፤ ስሊምም ወደ ኋላ አፈገፈገ።

የመተማ ቆላ ታሪክ ሲወሳ የነገሥታቱና የጦር አዛዦቹ ስም ይቀድማል። ያቺ የተቃጠለች ካሚዮን ግን ሌላ ታሪክ ትነግረናለች። በዚህ ምድር ከባድ ብረት የሚያገለግለው የሚጠግነው ሰውና የሚተካ ዕቃ እስካለው ድረስ ነው።

ይህ እውነት ከሞተር ዘመን ይቀድማል። የቋራው ካሣ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ በግብፅ ጦር ሲሸነፉ የመድፍን ኃይል በዓይናቸው አዩ። ከነገሡ በኋላ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አሠሩ። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ለማድረስ መንገድ መጥረግ፣ ሠረገላ ማበጀት፣ ሠራዊቱን በገመድ ማሰለፍ ግድ ሆነ። ከባድ ብረት መንገድንና ሙያን አስከትሎ እንደሚመጣ አገራችን ያኔ ተማረች። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከሱዳን መሐዲስቶች ጋር በተደረገው ጦርነት ዐፄ ዮሐንስ ቆስለው ያረፉትም በዚሁ ቆላ ነው፤ የድንበሯ ከተማ መተማ ዮሐንስ የምትባለው በእሳቸው ስም ነው።

ጣሊያኖች ጥር 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ መተማን ለቅቀው ወደ ጎንደር ሲያፈገፍጉ መንገዱን በፈንጂ ዘሩበት። ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የተባለ ሕንዳዊ የመሐንዲስ ጦር መኮንን ለ4 ቀናት ከንጋት እስከ ምሽት እየሠራ፣ የተሳፈረበት ተሽከርካሪ ከአንድም ሁለት ጊዜ ፈንጂ ላይ ወጥቶበት፣ 88 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ ላይ 15 የፈንጂ ክልሎችን አጸዳ። ለዚህም የቪክቶሪያ መስቀል ተሸለመ። በመተማ ቆላ ካለችው ከተማ ከሸሕዲ ወደ ጭልጋና ጎንደር የሚወጣው ሁሉ ዛሬም የሚጓዘው በዚያ አቅጣጫ ነው።

የጣሊያኑ አዛዥ ጄኔራል ናዚ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ የጣሊያን ጦር በምሥራቅ አፍሪካ አበቃለት። እንግሊዞች ከማረኩት ማሽንና ተሽከርካሪ ብዙውን ከአገር አወጡ። የቀረው ግን ለጭነት ሥራችን ዋለ፤ ከእሱም ጋር ቋንቋው ቀረ። ዛሬ ማንኛውም ጋራዥ ብንገባ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባልስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ጎሚስታ ሲባል እንሰማለን። ወራሪው ሄደ፤ ሙያውን ግን የእኛ ሰዎች ከእጁ ነጥቀው የራሳቸው አደረጉት።

በዓለምም የሆነው ይኸው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፊሊፒናውያን የአሜሪካ ጦር ጥሎት የሄደውን ጂፕ አርዝመውና አስጊጠው ጂፕኒ የተባለውን የሕዝብ ማመላለሻ ፈጠሩበት። ለእኛ ሁለተኛው ምዕራፍ የተከፈተው ግንቦት 14 ቀን 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር በተፈረመው የጦር እርዳታ ስምምነት ነው። የአሜሪካ ካሚዮንና ጄኔሬተር በክፍለ ጦሮቻችን ግቢ ታየ። በ1969 የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት (ኢዲዩ) መተማንና ሑመራን ይዞ ከደርግ ጋር ሲዋጋ፣ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ከዋሽንግተን ተቆራረጠች፤ ፊቷንም ወደ ሞስኮ አዞረች። ሕዝቡ ኦራል፣ ዚልና ዋዝ የሚሉትን ስሞች የለመደው ያኔ ነው። አንዱ የጦር ዕቃ ሳያረጅ የሌላው አገር ዕቃ ተተካበት፤ መካኒኩም መለዋወጫ ከማይመጣለት ብረት ጋር ብቻውን ቀረ።

እነዚህን የሶቪየት መኪኖች ቆላው የሚወዳቸው በምክንያት ነው። የመተማ ጥቁር አፈር በክረምት እስከ አክስል ይውጣል። ኦራል በስድስቱም ጎማ ይገፋል። ዚል 131 ላይ ነጂው ከመቀመጫው ሳይነሣ የጎማውን አየር ያረግባል፤ ጎማው ተንጣልሎ ጭቃውን ይረግጣል፣ ደረቅ መሬት ሲያገኝ መልሶ ይነፋዋል። ችግራቸውም የዚያኑ ያህል ነው። ኦራል 375 ቤንዚን እንደ ውኃ ይጠጣል፤ በተለያየ አገር ያሉ ባለሙያዎች ሞተሩን አውጥተው በናፍታ ሞተር የሚተኩት ለዚህ ነው።

እንዲህ ያለውን መኪና ዳግም ማስነሣት ጥበብ ይጠይቃል፤ ለዓመታት የቆመ ሞተር ላይ ቸኩሎ ሞተሪኖ መምታት መግደል ነው። ካንዴላው ወይም የናፍታ መርጫው ይወጣል፣ በየሲሊንደሩ ዘይት ጠብ ይደረጋል፣ ሞተሩ በእጅ ቀስ ብሎ ይዞራል። አሮጌው ነዳጅ ተቀድቶ ጋኑ ይታጠባል፤ የደረቀው የፍሬን ጎማ ይለወጣል። ተሳቢው ከመቀጠሉ በፊት የፍሬን አየር መስመሩና መብራቱ ይመረመራል፤ ኦራል 375 በ12 ቮልት፣ ኦራል 4320 ደግሞ በ24 ቮልት ይሠራሉና ሳይታይ የተገጠመ ይቃጠላል።

ጄኔሬተር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የክረምት እርጥበት የጠጣ ጥቅል ሽቦ ሳይደርቅና ኢንሱሌሽኑ ሳይለካ ከተነሣ ይቃጠላል። ለረጅም ጊዜ የቆመው ቀሪ ማግኔቱን ካጣ ሞተሩ እየዞረ መብራት ይነፍጋል፤ ብልህ ኤሌክትሪሽያን ከባትሪ ለቅጽበት ኃይል ሰጥቶ ማግኔቱን ይመልስለታል። የአሜሪካው ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ የእኛ አገር መሣሪያ የሚሠራው ደግሞ በ50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ በደቂቃ 1800 ጊዜ የሚዞረው ወደ 1500 ዝቅ ይላል፤ ቮልቴጁም አብሮ ይስተካከላል። ለራዳር የተሠራው የ400 ኸርዝ ጄኔሬተር ግን ምንም ቢያምር ለወፍጮ አይሆንም።

ይህ የጥገና ሙያ ለሸሕዲ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚመረትበት ሰፊ እርሻ፣ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ በ1995 የተጀመረው ሰፈራ ያመጣው ሕዝብ፣ ሁሉም ውኃ፣ ወፍጮና ጭነት ይሻል። ከጎንደር በሸሕዲ አልፎ ወደ ሱዳን የሚዘልቀው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር በ2000ዎቹ መካከል ተዘርግቷል። ይሁንና ከዋናው መስመር ርቆ ላለ የእርሻ ካምፕና ጤና ኬላ ጄኔሬተር ዛሬም አስፈላጊ ነው። ትራክተሩም፣ ተሳቢውም፣ የውኃ ፓምፑም ያው ባልስትራ፣ ኩሽኔታና ፖምፓ ነው። የጦር ካሚዮን አንሥቶ ያስኬደ እጅ እነሱን ያውቃቸዋል።

ይህ እውቀት ግን የሚኖረው በአረጋውያን መካኒኮች ጭንቅላትና ጣት ውስጥ ነው፤ መጽሐፍ ላይ አልሰፈረም። የጋፋትን ጥበብ በጊዜው መዝግበን ባለማስተማራችን መድፉ ቀርቶልን ሙያው ጠፋ። የሞተሩን ዘመን ያው ዕጣ እንዳያገኘው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን እነዚህን አባቶች በመምህርነት ይጥሯቸው፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቃላቸውን ይቅረጽ፣ ይጻፍ። የቆሙት ኦራልና ዚሎች ለቁርጥራጭ ብረት በኪሎ ከመሸጣቸው በፊት ከየዓይነቱ አንድ አንዱ ለማስተማሪያ ይቀመጥ። አንባቢ ሆይ፣ በአካባቢህ እንዲህ ያለ መካኒክ ካለ ዛሬ ሂድና ጠይቀው፤ የነገረህንም ጻፈው። በ1933 ገላባት ላይ መለዋወጫ የጫነች አንዲት ካሚዮን ስትቃጠል 9 ታንኮች ቆመው ቀርተዋል።