ደጋና የሕፃናት ደም፤ አጭር ታሪካዊ ጥናት

ቆላ ከርሞ ወደ ዲክሲስ ደጋ የሚወጣ እንግዳ ዳገቱን ሲጀምር ትንፋሽ ያጥረዋል፤ የአገሩ ልጅ ግን ከብቱን እየነዳ በሩጫ ያልፈዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሊቃውንት የዚህን ልዩነት ምክንያት በደም ውስጥ እንዴት እንደ ፈለጉት ማስረዳት፤ ደግሞም በአንዳንድ ሕፃናት ቀይ የደም ሕዋስ ያለ ልክ የሚበዛበትን ምክንያት ማመልከት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1889 ፍራንሷ ቪዮ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በፔሩ ከሊማ ተነሥቶ በተራራ ላይ ወዳለችው ወደ ሞሮኮቻ ወጣ። በሊማ በአንድ ኩብ ሚሊሜትር 5 ሚሊዮን ያህል የነበረው የገዛ ደሙ ቀይ ሕዋስ በ3 ሳምንት ገደማ ወደ 8 ሚሊዮን ከፍ አለ። ከዚህም የተነሣ የደገኛ ደም ሁሉ ወፍራም ነው የሚል አሳብ ለብዙ ዘመን ጸና።

ነገር ግን በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ሄሞግሎቢናቸው ከባሕር ጠረፍ ሰው የማይለይ መሆኑን ገለጡ። በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ለአርሲ ጎረቤት በሆነችው በባሌ፤ በ4,000 ሜትር የሚኖሩት ኦሮሞዎች ሄሞግሎቢን ከአማራ ደገኞች ከፍ ብሎ መገኘቱን አስረዳ። አጥኚዎቹም ነገሩን ከታሪክ ጋራ አያያዙት፤ ኦሮሞዎቹ በከፍተኛው ደጋ የሰፈሩት ከ16ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ነው ይላሉና።

በዚያው በ2002 የተገለጠ ሌላ ነገር አለ። በሩሲያ በቮልጋ ወንዝ አጠገብ በምትገኘው በቹቫሺያ፤ ተራራ በሌለበት አገር፤ ደማቸው የወፈረ ልጆች ይወለዳሉ። ምክንያቱ ከአባትም ከእናትም የሚወረስ የአንድ ጂን ጉድለት ነው። ኦክሲጅን ሳይጎድል ሰውነት እንደ ጎደለው ሆኖ ቀይ ሕዋስ ያበዛል፤ ደምም በሥር ውስጥ ሊረጋ ይችላል። በሌላ ወገን አርቱር ፋሎ በ1888 በማርሴይ እንደ ገለጠው ያለ፤ ከልደት የሆነ የልብ ጉድለት ያለበት ሕፃን ከንፈሩ ይጠቁራል፤ ደሙም ይወፍራል።

እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው ይህ ነው። ደሙ የወፈረ የዲክሲስ ልጅ ሲገኝ «ደገኛ ስለ ሆነ ነው» ብሎ መተው አይገባም። በደሙ ያለው ኦክሲጅን ይለካ፤ ለከፍታው ከሚገባው በታች ከሆነ ልቡና ሳንባው ይመርመር፤ ካልሆነም የወላጆቹና የወንድሞቹ ደም ይታይ። ደጋው ለበሽታው ሁሉ ምክንያት ሊሆን አይችልም።