ፀረ-ብግነት፦ ከዳማከሴ ቅጠል የሚፈለገው

ዱርቤቴ ከተማም ሆነ በአካባቢው ገጠር ምች የመታው ሰው ካለ ጓሮ ተወጥቶ ዳማከሴ ይቀጠፋል። ቅጠሉ በመዳፍ ይታሻል፤ ጭማቂው ይሸተታል፣ ገላ ይቀባል፣ ከቡና ጋርም ይጠጣል። ይኸው ቅጠል በተመራማሪዎች ጽሑፍ ውስጥ ሲነሳ ግን «ፀረ-ብግነት» የሚል ቃል ይከተለዋል።

ብግነት ለ«ኢንፍላሜሽን» የተሰጠ የአማርኛ አቻ ነው። መነሻው «በገነ» ነው፤ ነደደ፣ ተቃጠለ ማለት። የላቲኑም ሥር እሳትን የሚያነሳ በመሆኑ አቻው ጥሩ ምርጫ ይመስለኛል። ሮማዊው ኬልሱስ በ1ኛው ክፍለ ዘመን አራት ምልክቶች ጽፎለታል፦ መቅላት፣ መሞቅ፣ ማበጥ፣ ማመም። እኛ «ቁስሉ ተቆጣ» የምንለው ይህንኑ ነው።

ሰውነት ሲቆስል ወይም ተህዋስ ሲገባበት የደም ሥሮቹ ይሰፋሉ፤ ነጭ የደም ሴሎችም ወደ ስፍራው ይጎርፋሉ። ይህ መከላከያ ነው። መጠኑን ሲያልፍ ወይም አልበርድ ሲል ግን ራሱ ጉዳት ይሆናል። ይህን የሚያበርድ ውህድ ፀረ-ብግነት ይባላል። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ከዚህ ወገን ናቸው። እብጠትንና ሕመምን የሚያባብሱት ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ኬሚካሎች እንዳይመረቱ አስፕሪን እንደሚያግድ ጆን ቬን በ1971 እ.ኤ.አ. አሳየ፤ በ1982ም የኖቤል ሽልማት ተጋራ።

ዳማከሴ የበሶብላ ዘመድ ነው። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የቅጠሉን ጭማቂ በአይጦች ላይ ፈትነው ብግነትን እንደሚቀንስ በ2011 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በእንዲህ ዓይነት ሙከራ ከባሕር አረም የሚገኝ ካራጊናን የተባለ ነገር በአይጥ መዳፍ ይወጋል፤ መዳፉ ሲያብጥ መድኃኒቱን የወሰደችውና ያልወሰደችው በየሰዓቱ ይለካሉ። አያቶቻችን በልምድ የያዙት ነገር በመለኪያ ሲረጋገጥ ማየት ደስ ያሰኛል። ሆኖም አይጥ ሰው አይደለችም፤ ለሰው የሚበቃውንና የሚጎዳውን መጠን ለመለየት በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት ያስፈልጋል።

ፀረ-ብግነት ማለት ፀረ-ተህዋስ ማለት አይደለም። እብጠትንና ሕመምን ያስታግሳል፤ የወባን ጥገኛ ተህዋስ ግን አይገድልም። ወባ በሚበዛበት ወቅት ትኩሳት የያዘውን ሰው፣ በተለይ ሕፃንንና ነፍሰ ጡርን፣ «ምች ነው» ብላችሁ በዳማከሴ ብቻ አታቆዩ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ደሙን አስመርምሩ።