ዋንጫውን የተቀበለው ማን ነበር?

ከአዳማ ወደ አሰላ ሲጓዙ ደራ ላይ ሻይ ለመጠጣት አረፍ ቢሉ፣ ወሬው ኳስ ነው። የሳውዲው ሰዒድ አል ኦዋይራን እ.ኤ.አ. በ1994 የዓለም ዋንጫ ቤልጂየም ላይ ያገባትን ጎል የሚያነሳ ጎልማሳ አይጠፋም። ደግ ነው። የኛዎቹስ?

በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትተን ብቸኛውን የአፍሪካ ዋንጫችንን ወሰድን። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ኢታሎ ቫሳሎ ሁለት፣ ግርማ ተክሌና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ጎል አገቡ። ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው የኢታሎ ወንድም፣ አምበሉ ሉቺያኖ ነው፤ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። በደርግ ዘመን ተሰደደ፤ መስከረም 2015 ዓ.ም. ጣሊያን አገር አረፈ።

ልጆቻችን የሰው አገር ጎል ቢቆጥሩ አይከፋም። የራሳቸውን አምበል ስም ግን ማን ይንገራቸው?